የዓሣ አጥማጁ የአይዛክ ዋልተን ታሪክ

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦር አበጋዞች ወይም አዲስ ነገር ስለ ፈለሰፉ ሊቃውንት ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥሁት አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው አገር አልገዛም፤ ጦር አልመራም፤ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም አልነበረውም። የሆነ ሆኖ ከሞተ ከ340 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ እየታተመ ይነበባል። ስሙ አይዛክ ዋልተን ይባላል፤ በእኛ አጠራር ይስሐቅ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ እንዲያስታውሱልኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

ዓሣ አጥማጅ በመምረጤ የሚስቁብኝ ጓደኞች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ነገር ግን ተፍኪ ያደገ ልጅ ስለ ዓሣ ቢጽፍ ሊያስደንቅ አይገባም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ከሰበታ አልፎ በክረምት የሚጓዝ ሰው፥ በበጋ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ያ ጥቁር መሬት በውኃ ተውጦ ባሕር መስሎ ያገኘዋል። ዝናሙ አልፎ ውኃው ሲሸሽ ዓሣው በየኩሬው ይቀራል። እኛ የመንደሩ ልጆች ቀረሶን፥ አምባዛንና ቢልጫን ለይተን ያወቅነው ፊደል ከመቍጠራችን በፊት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዳሩ ግን በደገኛው አገራችን ዓሣ ማጥመድ እንደ እርሻና እንደ ንግድ የተከበረ ሥራ ሆኖ አያውቅም። በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በዓሣ አጥማጅነታቸውና በጉማሬ አዳኝነታቸው ምክንያት ለብዙ ዘመን በጎረቤቶቻቸው ሲናቁ ኖረዋል። አባቴም መንጠቆ ይዤ ወደ ወንዝ ስወርድ ባዩኝ ቍጥር ይህ ልጅ ሥራ ፈት ሊሆንብኝ ነው እያሉ ለእናቴ ያማርራሉ። ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ ምናልባት ጥቂት ይራሩልኝ ይሆናል።

ይበልጥ ያነሣሣኝ ግን ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ያደረግሁት ክርክር ነው። እርሱ ስለ ዋልተን ጥቂት አንብቦ ኖሮ ሰውየው የሌሎችን ሥራ የገለበጠ ሌባ እንጂ ደራሲ አይደለም ሲል ተከራከረኝ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ክስ ስላልሆነ በቦታው እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ግን የሰውየውን ሕይወት ማወቅ ይገባል።

ዋልተን በ1593 ዓ.ም. ስታፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ በእኛ አነጋገር ጠላ ቤት የምንለውን ዓይነት ቤት ይዞ የሚተዳደር ሰው ነበረ። ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ፤ እናቱም ሌላ ባል አገባች። በወጣትነቱ ወደ ለንደን ወርዶ በጨርቅ ንግድ ሙያ ሠለጠነ። በ1618 ዓ.ም. የብረት ነጋዴዎች ማኅበር አባል ሆነ፤ በዚያ ዘመን የማኅበሩ ስምና የአባሉ ሥራ የግድ አንድ አልነበረምና ብረት ማኅበር ውስጥ ገብቶ ጨርቅ ሲሸጥ ኖረ። ሱቁ ፍሊት ስትሪት በሚባለው መንገድ አካባቢ ነበረ።

ከሱቁ አጠገብ የቅዱስ ደንስታን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከ1624 ዓ.ም. ጀምሮ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የነበረው ስመ ጥሩው ባለቅኔና ሰባኪ ጆን ደን ነው። ጨርቅ ነጋዴውና ሊቁ ሰው ወዳጆች ሆኑ፤ ደን በ1631 ዓ.ም. ሲሞት ዋልተን ከቅርብ ወዳጆቹ አንዱ ነበረ። የደንን የሕይወት ታሪክ ሊጽፍ ያሰበው ሰር ሄንሪ ዎተን የሚባል መኰንን ሲሆን፥ ዋልተን ወሬ በመሰብሰብ ይረዳው ነበር። ዎተን ሥራውን ሳይጀምር ሞተ። የደን ስብከቶች ሊታተሙ በደረሱ ጊዜ ታሪኩን የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ዋልተን ራሱ ብዕሩን አነሣ፤ በ1640 ዓ.ም. ከስብከቶቹ ጋር ታተመ። ያን ጊዜ ዕድሜው 47 ዓመት ያህል ነበረ። ደራሲ ለመሆን ጊዜው አልፎብኛል የሚል ሰው ይህን ቍጥር ቢያስታውስ ደግ ነው።

ነገር ግን ያ ዓመት የደስታ ዓመት አልሆነለትም። በ1626 ዓ.ም. ያገባት ሚስቱ ራሔል በዚያው በ1640 ዓ.ም. ሞተች። ከእርስዋ የወለዳቸው ሰባት ልጆች አንድም ሳይቀር በልጅነታቸው አለቁ። ሰባት ሬሳ ሣጥን ከአንድ ቤት ወጣ ማለት ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ለጥቂት ቀን አስቀመጥሁት። ምክንያቱም ዋልተንን የሚያነሡ ሰዎች ብዙዎቹ በወንዝ ዳር ተቀምጦ የሚስቅ፥ ሐሳብ የሌለበት ሽማግሌ አድርገው ይሥሉታል።

ሐዘኑ ገና ሳይበርድ በ1642 ዓ.ም. በንጉሡና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ዋልተን የንጉሡ ወገን ነበረ፤ ለንደን ደግሞ በፓርላማው እጅ ነበረች። ወዳጆቹ የነበሩት ካህናት ከየደብራቸው ተባረሩ፤ የለመደው የጸሎት መጽሐፍ ታገደ፤ በ1649 ዓ.ም. ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስ በአደባባይ አንገቱ ተቈረጠ። ዋልተን አስቀድሞ ሱቁን ትቶ ነበር። በ1651 ዓ.ም. የሟቹ ንጉሥ ልጅ በውስተር ጦርነት ድል ተነሥቶ ሲሸሽ፥ ታናሹ ጊዮርጊስ የሚባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ምስል ያለበት የንጉሣዊ ኒሻን ጌጥ ከኋላው ቀረ። ጌጡ ኮሎኔል ብላግ የተባለ መኰንን ዘንድ ነበረ፤ እርሱም ተይዞ ለንደን ግንብ ታሰረ። ጌጡ በስታፎርድ አገር ከተሸሸገበት ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ለዋልተን ደረሰ። የ58 ዓመቱ ጨርቅ ነጋዴ ጠላት በሚጠብቀው መንገድ ሁሉ አልፎ ለንደን አገባው፤ ለእስረኛው ኮሎኔል አስረከበው። ኮሎኔሉም ከእስር አምልጦ ባሕር ማዶ ለነበረው ለንጉሡ አደረሰ። ዋልተን ቢያዝ ኖሮ ምን ይገጥመው እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም። ሰላማዊ ሰው ሁሉ ፈሪ አይደለም።

ከዚህ ድርጊት ሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1653 ዓ.ም.፥ ያ ዝነኛ መጽሐፍ ታተመ። ፍጹም ዓሣ አጥማጅ ማለት ርእሱ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ መጽሐፍ ሲሆን ዋጋው 18 ፔኒ ነበረ፤ በርእሱ ገጽ ላይ የደራሲው ስም እንኳ አልታተመም። አገሩ በሙሉ በፖለቲካና በሃይማኖት ክርክር በሚነድድበት ዘመን፥ ሁለት ሰዎች ከለንደን በስተ ሰሜን በሊ ወንዝ ዳር በግንቦት ወር እየተራመዱ ስለ ዓሣ ሲጨዋወቱ የሚያሳይ መጽሐፍ ወጣ። በ1655 ዓ.ም. በታተመው በሁለተኛው ጊዜ አዳኝና ጭልፊት አስተማሪ ተጨምረው እያንዳንዱ የገዛ ሥራውን ያመሰግናል። አዳኙ በመጨረሻ ተሸንፎ የዓሣ አጥማጁ ተማሪ ይሆናል። በመካከሉ የወተት አላቢዋ ዘፈን አለ፤ በጥሩ መዓዛ ቅጠል የታጠነ የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ የተያዘው ዓሣ እንዴት እንደሚቀቀልና እንደሚጠበስ በዝርዝር ይነገራል። ዋልተን በሕይወቱ ሳለ አምስት ጊዜ ያሳተመው ሲሆን፥ በየጊዜው ሲጨምርበት 13 ምዕራፍ የነበረው 21 ደረሰ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስሁ። ዓሣ የማያጠምዱ አንባቢዎች ጥቂት ይታገሡኝ።

በዋልተን ዘመን የናይሎን ክር አልነበረም። የማጥመጃው ክር የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው። ዋልተን የሚያዝዘው ጭራው ክብ፥ ጥርት ያለ፥ ቍስልና እከክ የሌለበት፥ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ እንዲሆን ነው፤ በደንብ የተመረጠ አንድ ጭራ ካልተመረጡ ሦስት ይሻላል ባይ ነው። ጭራዎቹ ከተገመዱ በኋላ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፈው እንደገና ይገመዳሉ። ይህ ካልተደረገ አንዱ ጭራ ሲኰማተር ሌላው ስለሚላላ ሸክሙ ሁሉ ባንዱ ላይ ወድቆ ክሩ ይበጠሳል። ቀለሙም ውኃ እንዲመስል በጠንካራ ጠላ፥ በጥቀርሻ፥ በዋልነት ዛፍ ቅጠል ጭማቂና በሸብ ይቀቀላል።

ይህን ስናነብ እኛ ኢትዮጵያውያን ብዙም እንግዳ አይሆንብንም። የመሰንቆ አውታር ከፈረስ ጭራ መሆኑን ማን ያጣዋል? መሰንቆ የሚሠራ አንድ ጎረቤታችን ዋልተን ያለውን ስነግራቸው፥ ጭራውን በጣታቸው መካከል እያሳለፉ ጕድፉን የሚያገኙበትን ዘዴ አሳዩኝ። በከተማችን የጋሪ ፈረስ ስለማይጠፋ ጭራ ለማግኘት አልተቸገርሁም። ደግሞም ልብ ብለን ብናየው አስቂኝ ነገር አለበት፤ አባቶቻችን ጭራውን የሚይዙት ዝንብ ለማባረር ሲሆን ዋልተን ግን ዝንብ አስሮበት ወደ ውኃ ይወረውረው ነበር።

ዝንብ ስል እውነተኛውን ማለቴ አይደለም። ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ በውኃ ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን ይለቅማል። ስለዚህ አጥማጆች መንጠቆውን በሐር ክር፥ በሱፍና በላባ አልብሰው ነፍሳት እንዲመስል ያደርጉታል፤ እኔ የላባ ዝንብ ብዬዋለሁ። ዋልተን 12 ዓይነት ይዘረዝራል፤ አንዳንዱ ለመጋቢት፥ አንዳንዱ ለግንቦት፥ አንዳንዱ ለነሐሴ ይሆናል። አጥማጁ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ መቆም፥ ሲወረውርም ከክሩ በፊት ዝንቡ ውኃውን እንዲነካ ማድረግ ይገባዋል።

እኛ ተፍኪ ውስጥ የምናስረው እንዲህ ነው። የመንጠቆውን ጕብጠት በግራ እጅ ጣቶች ጭብጥ አድርገን እንይዛለን። የስፌት ክር በሰም እናሽና ከመንጠቆው ዓይን ጀምረን ወደ ኋላ እንጠመጥማለን፤ ሰሙ ክሩ እንዳይንሸራተትና ውኃ እንዳይጠጣ ይረዳል። ከኋላው ሁለት ሦስት የፍየል ጠጕር ለጅራት ይታሰራል። ቀጥሎ ክሩ ላይ ሱፍ ጠቅልለን ወደ ፊት በመመለስ ሆዱን እንሠራለን። በመጨረሻ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ አንድ ረጅም ላባ ከሥሩ አስረን በመንጠቆው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ስናዞረው ጭገሮቹ እንደ ነፍሳት እግር ይቆማሉ። ሦስት ቋጠሮ፥ ጥቂት ሰም፥ አለቀ። ሲነገር ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ስሠራ ግን እናቴ ለእሑድ ያሰበችው አውራ ዶሮ አንገቱ ተመልጦ ስለ ተገኘ በቤታችን ብዙ ንግግር ሆኖ ነበር።

ዋልተን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እንቆቅልሽ ሆኖ ያገኘው በኬንት አገር በካንተርበሪ አጠገብ የሚገኘውን የፎርድዊች ትራውት ነው። ይህ ዓሣ እንደ ሳልሞን የሚተልቅ፥ ሥጋው ነጭ፥ ዘጠኝ ወር ባሕር ውስጥ በልቶ ሦስት ወር በወንዙ ውስጥ የሚጾም እንደ ሆነ ይነገር ነበር። በመንጠቆ የያዘው ሰው ሰር ጆርጅ ሄስቲንግስ የተባለ አንድ ወዳጁ ብቻ እንደ ሆነ ዋልተን ጽፏል። ዛሬ ሊቃውንት ያ ዓሣ የባሕር ትራውት እንደ ነበረ ይስማማሉ። የባሕር ትራውት የሚባለው የተለየ ዘር አይደለም፤ በወንዝ ከሚቀረው ቡናማ ትራውት ጋር አንድ ነው። አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው ወደ ባሕር ወርደው ይወፍራሉ፥ እንደ ብርም ያበራሉ፤ ከዚያ ዕንቍላል ለመጣል ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ከተመለሱም በኋላ የሚበሉት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የጾሙ ወሬ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

የሚጾም ዓሣ እንዴት በመንጠቆ ይያዛል? የዛሬ አጥማጆች መልሱን ያገኙት በሌሊት ነው። የባሕር ትራውት ቀን ቀን ይደበቃል፤ ሲጨልም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ትንሽ ዝንብ ሳይሆን ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፥ የባሕር ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማባበያ ያስራሉ። ዓሣው ብዙ ጊዜ ጅራቱን ብቻ ነክሶ ስለሚተው ሁለት መንጠቆ አንዱን ከሌላው ኋላ በጠንካራ ድርብ ክር ያያይዛሉ፤ ሆዱን በብርማ ጥልፍ ይጠቀልላሉ፤ በላዩ ረጅም ላባ ወይም ጠጕር ያኖራሉ። የሚንሳፈፍም አለ፤ እርሱ በጨለማው ውኃ ላይ ሲጐተት ከኋላው እንደ ቀስት የሚሰፋ ሞገድ ትቶ ያልፋል፤ ዓሣውም ያን ሞገድ አይቶ ይነሣል።

እኔም ይህን ሞከርሁ። ሁለት መንጠቆ በተገመደ ናይሎን አያይዤ፥ ሆዱን በከረሜላ ብርማ ወረቀት ጠቅልዬ፥ በላዩ ነጭ የፍየል ጠጕር አሰርሁ። የሚያስቸግረው የኋለኛው መንጠቆ እንዳይጣመም ማድረግ ነው፤ ጥቂት ዘወር ካለ ማባበያው በውኃ ውስጥ እንደ እንዝርት እየሾረ ክሩን ያወሳስባል። ስለዚህ ክሩን ከፊተኛው መንጠቆ ዘንግ በላይ አስተኝቼ በሰም ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰፋሁት። በአዋሽ ትራውት የለም፤ አምባዛ ግን አለ፤ እርሱም እንደዚያው የሌሊት አዳኝ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአራተኛው ምሽት የክንዴን ያህል አምባዛ ያዝሁ። አባቴ ምንም አልተናገሩም፤ ራቱን ግን በሉ።

ትራውት በአገራችን የለም ብዬ ግን አልዋሽም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በወይብና በዳንካ ወንዞች ተለቋል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ተዋልዷል። ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድ ስለሌለው ግን በዚያው ተራራ ላይ ኖሮ ይሞታል።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ክስ ልመለስ። በ1954 ዓ.ም. በ1577 ዓ.ም. የታተመ፥ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀው አንድ የዓሣ ማጥመድ መጽሐፍ ተገኘ። ይህም መጽሐፍ በዓሣ አጥማጅና በመንገደኛ መካከል በሚደረግ ንግግር የተጻፈ ነው፤ የሁለቱ ሰዎች ስም እንኳ በዋልተን የመጀመሪያ እትም ካለው ጋር አንድ ነው። 12ቱ የላባ ዝንቦችም በ1496 ዓ.ም. ከታተመ ሌላ የቆየ ጽሑፍ የመጡ ናቸው። ዋልተን ስለ ዝንብ ብዙ ያስተማረውን ቶማስ ባርከር የሚባለውን ሰው በስሙ አመስግኖታል፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አላነሣም።

እንግዲህ ምን እንበል? በዚያ ዘመን ከቀደመ መጽሐፍ መውሰድ እንደ ዛሬው አያስወቅስም ነበር የሚል መልስ አለ። በአገራችንም ደብተራው የቀደመውን ድርሳን ሲገለብጥ የራሱን ጨምሮበት ስሙን ሳይጽፍ ይተወው እንደ ነበረ እናውቃለን። እኔ ግን ይህ መልስ ሙሉ በሙሉ አያረካኝም። ባርከርን ለማመስገን ቦታ ያላጣ ሰው የሌሎቹንም ስም ማንሣት ይችል ነበር፤ በዚህ በኩል ጓደኛዬ እውነት አለው። ሌባ በሚለው ቃል ግን አልስማማም። ምክንያቴንም ከዋልተን የእርጅና ዘመን አመጣለሁ።

ዋልተን ከእርሱ 37 ዓመት የሚያንስ ቻርልስ ኮተን የሚባል ወዳጅ ነበረው። ኮተን ባለቅኔ፥ ከዕዳ የማይላቀቅ፥ በደርቢሻየርና በስታፎርድሻየር ድንበር በደቭ ወንዝ ዳር ርስት ያለው መኰንን ነበረ። በ1674 ዓ.ም. በወንዙ ዳር ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ቤት ሠርቶ በበሩ ላይ የራሱንና የዋልተንን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አጠላልፎ በድንጋይ አስቀረጸ፤ ቤቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። ኮተን በላባ ዝንብ ጥበብ ከዋልተን እጅግ ይበልጥ ነበር። ዋልተን አምስተኛውን እትም ሲያሰናዳ የ83 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ዝናው የታወቀ ሳለ፥ ስለ ዝንብ የሚያውቀው ጥቂት መሆኑን ስለ ተረዳ ያን ክፍል ወጣቱ እንዲጽፈው ለመነው። ኮተን በዐሥር ቀን ያህል ጽፎ ላከለት፤ በ1676 ዓ.ም. እንደ ሁለተኛ ክፍል ሆኖ የኮተን ስም ተጠርቶ በአንድነት ታተመ። በውስጡ 65 ዓይነት ዝንብ በየወሩ ተመድቧል፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚታሰር፥ የውሻ ጠጕር፥ የአሳማ ጠጕር፥ የጣዎስ ላባ የቱ ለየትኛው እንደሚሆን ተጽፏል፤ በጠራ ውኃ ቀጭን ክር ይዞ ከሩቅ መወርወር እንደሚገባም ያስተምራል። የዛሬ አጥማጆች የሚከተሉት ከዋልተን ይልቅ ይህን ነው።

የሰው ሥራ የሚሰርቅ ሰው በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ከራሱ የሚበልጥ ሰው ስሙን ጠርቶ አያስገባም። ይህን ለጓደኛዬ በነገርሁት ጊዜ ክርክሩ አላለቀም፤ ግማሹን ተቀበለኝ፥ ግማሹን እምቢ አለ። መምህራችንም ሁለታችንም ሳንሳሳት አንቀርም ብለው ወጡ።

ዋልተን ሌላም ያነሣው ነገር አለ፤ ለእኛ ለተፍኪዎች ይበልጥ የሚሰማን እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር ዓሣ ዕንቍላል በሚጥልበት ወራት እንዳይያዝና የመረቡ ቀዳዳ ጫጩቱን እንዳይዝ የሚከለክሉ የቆዩ ሕጎች ነበሩ፤ ሰዎች ስለማይጠብቋቸው ግን ወንዞቹ ባዶ ሊቀሩ ነው ብሎ ይከራከራል። በእኛም ዘንድ ክረምት ሲገባ ዓሣው ወደ ሜዳው ውኃ የሚወጣው ሊዋለድ ነው። ያን ጊዜ በጋቢና በአጎበር የሚጠርገው ሰው የሚያወጣው ጣት የማይሞላ ጫጩት ነው፤ በጆንያ ወስዶም ግማሹ ይበላሽበታል። ከላይ ከሰበታ በኩል የሚወርደው የፋብሪካ ፍሳሽ በዚህ ላይ ይጨመራል። የዓሣ ምርምር ማዕከል እዚያው ሰበታ ከተማ አጠገባችን ስላለ፥ የሳይንስ ክበባችን በሚቀጥለው ዓመት ባለሙያዎቹን ጋብዞ ስለ ጥበቃው ወራት ቢያስረዱን ብዬ በዚህ አጋጣሚ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወላጆችም ቢገኙ መልካም ነው።

ታሪኩን ልጨርስ። ዋልተን በ1647 ዓ.ም. አን ኬን የተባለች ሴት አግብቶ ከእርስዋ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አድገውለታል፤ እርስዋም በ1662 ዓ.ም. ሞታ ውስተር ተቀበረች። ንጉሡ ወደ ዙፋኑ ከተመለሰ በኋላ ጳጳስ ሞርሊ ዋልተንን በቤቱ አኖረው። እዚያ ሆኖ የሁከር፥ የሄርበርትና የሳንደርሰን የሕይወት ታሪኮችን ጻፈ፤ የመጨረሻው በ1678 ዓ.ም. ሲወጣ 85 ዓመቱ ነበረ።

በ1683 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፥ 90 ዓመት በሞላው ቀን፥ ኑዛዜውን በገዛ እጁ መጻፍ ጀመረ፤ ያተመውም ጆን ደን ከመሞቱ በፊት ለወዳጆቹ በሰጠው፥ ክርስቶስ በመልሕቅ ላይ ተሰቅሎ በሚታይበት ማኅተም ነው። በታኅሣሥ 15 ቀን በዊንቸስተር ከተማ በሴት ልጁ ባል ቤት ዐረፈ፤ በዚያው በካቴድራሉ ተቀበረ። በስታፎርድ አጠገብ የነበረውን መሬት ለትውልድ ከተማው ድሆች ትቶ ነበር። ከኪራዩ በየዓመቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ሙያ እንዲማሩ፥ አንዲት ገረድ ወይም የድሀ ልጅ ስታገባ ጥቂት ገንዘብ እንድታገኝ አዘዘ። የሚተርፈው ገንዘብ የድንጋይ ከሰል ተገዝቶበት ለድሆች ይታደል አለ፤ የሚታደልበትንም ሳምንት ራሱ ወሰነ፤ ይኸውም ብርዱ እጅግ የሚጠናበት የጥር መጨረሻ ወይም የየካቲት መጀመሪያ ሳምንት ነው።